ስብሪትና ባላምባራስ ሸርጣን

ተረት ላወራ ነውና ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሚያንኮራፋ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ።

በድሮ ዘመን፣ የባሕር ፍጥረት ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ ከባሕሩ ወለል ላይ እማማ ኮራል የሚሏት፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች አሮጊት የባሕር ፍጥረት ነበረች። እንደ ግራር ቅርንጫፏን ዘርግታ፣ ዓሣውን ከነልጁ፣ ሸርጣኑን ከነቤተሰቡ አስጠልላ ታኖራለች። ከእግሯ ሥር ደግሞ ስብሪት ከነዘመዶቿ ትኖር ነበር።

ስብሪት የባሕር ኮከብ ዘመድ ናት። አካሏ ሽምብራ ቢያክል ነው፤ አምስት ክንዶቿ ግን ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ሲይዟቸው ስብር ይላሉ፤ ስሟም የወጣው ከዚያ ነው። ዓይን የላትም፤ ብርሃንን ግን በገላዋ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ ትወጣና የሞተውን፣ የረገፈውን፣ የበሰበሰውን እየለቀመች ትበላለች፤ ከእማማ ኮራል ገላም ላይ ደለሉን ትጠርጋለች። ማንም አላመሰገናትም። እሷም ምስጋና አልጠየቀችም፤ እማማ ኮራልን ስለምትወድ ነበር የምትሠራው።

አንድ ቀን ትልቅ ዓሣ ክንዷን ነከሳት። ክንዷን ትታለት አመለጠች። ቆየት ብሎ ክንዷ እንደገና በቀለ። ይህን ያየ ባላምባራስ ሸርጣን፣ መቼም አፈኛ ነው፣ ሸንጎ ጠራ።

«ጎረቤቶቼ! ይቺ ስብሪት ቡዳ ናት!» አለ።

«ኧረ ጉድ!» አሉ ዓሦቹ። «ምን ምልክት አዩባት?»

«ቀን አትወጣም፤ ይህ አንድ። የሞተ ትበላለች፤ ይህ ሁለት። ክንዷ ተቆርጦ ይበቅላል፤ የጤነኛ ፍጥረት ክንድ መቼ በቅሎ ያውቃል? ይህ ሦስት!»

«ልጆቼ፣ እሷ እኮ…» ብላ ጀምራ ነበር እማማ ኮራል።

«ዝም ይበሉ እማማ፤ እርስዎንም ሳትበላዎት አልቀረችም» አላት ሸርጣን።

«ማንን በላሁ? ሞቶ ከወደቀው በቀር ማንን ነካሁ?» አለች ስብሪት። «ውጪልን!» አሉ በአንድ አፍ። ዘመዶቿን አስከትላ፣ በክንዶቿ አሸዋውን እየቀዘፈች ወደ ጨለማው ገደል ሄደች። አለቀሰችም። ዓይን የሌለው ያለቅሳል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ ደለሉ ወረደ፤ የሚጠርገው የለም። የሞተው በሞተበት በሰበሰ። ውኃው ሸተተ። በእማማ ኮራል ገላ ላይ ያሉት ትንንሽ አፎቿ በደለል ተደፈኑ፤ እየታፈነች ከአንድ ጎኗ ትነጣ ጀመር። ጥላዋ ሊጠፋ ነው፤ ዓሣው ልጁን የት ያሳድግ?

መጀመሪያ አፈ ሹል ዓሣ ወደ ገደሉ ተላከ። «ሸንጎው አዟል፤ ተመለሺ!» አላት።

«ቡዳን ታዝዛላችሁ እንዴ? ሂድ ወዲያ!» አለችው።

ቀጥሎ ዝንጉርጉሯ ዓሣ ቁራሽ ሥጋ ይዛ መጣች። «እንቺ፣ ይህን ቅመሽና ተመለሺ። ብቻ እንዳትታዪ።»

«ተደብቄ መኖር ለምጃለሁ፤ ተሰድቤ መኖር ግን አልችልም» አለቻት።

በሦስተኛው ባላምባራስ ሸርጣን ራሱ መጣ፤ አንድ ጎኑን በዛጎል ስባሪ ሸፍኗል። ስብሪት ክንዷን ዘርግታ ዳሰሰችው።

«ባላምባራስ፣ ያ ጉልበተኛ ክንድዎ የት ሄደ?»

«ባለ ስምንት ክንዱ አውሬ ያዘኝ። ትቼለት አመለጥኩ።»

«ይህ ለስለስ የሚለውስ ምንድን ነው?»

«እየበቀለ ነው» አለ።

«ድሮስ?»

«ድሮም ይበቅላል። አባቴም እንደዚሁ ነበሩ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ፈራሁ፣ ስብሪት። ጣቱ ወደ እኔ ሳይዞር ወደ አንቺ አዞርኩት።»

ስብሪት ተናደደች፤ ልትተወው ፈለገች። ግን እማማ ኮራል ታወሰቻት። «ይህንኑ ሸንጎ ፊት ዛጎሉን አውልቀው ይናገሩ፤ ያኔ እመጣለሁ» አለችው።

ሸርጣን ዛጎሉን አውልቆ ተናገረ። ዓሦቹ አንገት ቢኖራቸው በደፉ ነበር። ስብሪትም ከነዘመዶቿ ገባች፤ ሬሳውን አነሱ፣ ደለሉን ጠረጉ፣ ውኃው ጠራ። እማማ ኮራል ተነፈሰች። ስብሪት ግን በድሮ ቤቷ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ብትዳስሰው፣ ደርቋል።

«እማማ፣ ይሄኛው ጎንሽ?»

«እሱ ሞቷል ልጄ። ያንቺ ክንድ ይበቅላል፤ የሸርጣንም ይበቅላል። ይሄ የኔ ግን አልቆለታል።»

ስብሪት የሞተውንም ቅርንጫፍ እንደ ደኅናው አድርጋ ጠረገችው።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለልጅ ልጅ ንገሩ፦ ጠራጊውን ቡዳ ያለ አገር፣ ከጉድፉ ጋር ይቀበራል።