የመሠረት ድንጋይ የተሸከመችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ከንቲባ ሾመው በከተማ በሚኖሩበት ዘመን፣ ከተማቸው ከመስፋቷ የተነሳ ሙሽራ ሆና ከአንዱ ዳር የተነሳች ኤሊ ሌላው ዳር ስትደርስ የልጅ ልጅ አይታ ነበር። በዚያ በሌላው ዳር፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ሳይጀምር፣ አንድ ዋርካ ቆሟል። ጥላው እንዴት ያለ ጥላ መሰላችሁ! በወዲያ በኩል ዝናብ ሲወርድ በወዲህ በኩል እህል ይሰጣ ነበር።

ከደጋ ወደ ወንዝ የሚወርደው፣ ከወንዝ ወደ ደጋ የሚወጣው ሁሉ ከዋርካው ሥር ያርፋል። ያረፈ ይርበዋል፤ የራበው ይገዛል። ስለዚህ ዶሮ ቆሎ ትሸጥበታለች፤ ፍየል የተሰነጠቀ ኮቴ ትጠግንበታለች፤ አህያ ድርቆሽና ውሃ ታቀርብበታለች።

ይቺ አህያ ዕድሜዋን በሙሉ ስትጫን የኖረች ናት። ጤፍ ብትሉ፣ እንጨት ብትሉ፣ አሸዋ ብትሉ ያልተጫነችው የለም፤ የጎረቤት ሠርግማ ከነዳሱ ተሸክማ ታውቃለች። ከዋርካው ሥር ሱቅ የከፈተች ቀን ግን፣ «ከእንግዲህ ይህ ጀርባ ለዝንብም ወንበር አይሆንም!» ብላ ማለች። መሐላዋም ሠመረላት። ቁስሏ ደረቀ፣ ጠጉሯ በቀለ፣ ቁራ ከላይ ሲበር መልኩን እስኪያይበት ድረስ ጀርባዋ አብረቀረቀ።

አንድ ቀን የከተማው የፕላን ኃላፊ ቀበሮ የመለኪያ ገመዱን እየጎተተ መጣና ነጋዴዎቹን ሰበሰበ።

«የተከበራችሁ ነጋዴዎች! ከተማችን በዳር ያሉትን ነጋዴዎች ልትደግፍ አቅዳለች» አለ።

«ምን አጠፋን?» አለች ፍየል ደንግጣ።

«ድጋፍ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለቱም የሚነገረን በስብሰባ ስለሆነ ነው።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። እዚህ ቦታ ላይ ደመና የሚነካ የገበያ ማዕከል ይሠራል አለ። ለዶሮ የመስታወት ሱቅ፣ ለፍየል ወንበሩ የሚሽከረከር መጠገኛ፣ ለአህያ ደግሞ ውሃው በራሱ ጊዜ ፎቅ የሚወጣ ቧንቧ።

«ዋርካውስ ጌታዬ?» አለች አህያ።

«ዋርካው ፕላኑ ላይ የለም።»

«እዚህ ግን አለ እኮ! ይኸው ከጥላው ሥር ነው የቆሙት።»

«እመት አህያ፣ እርስዎ አይጨነቁ» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ፤ «ፕላኑና ቦታው እንዲስማሙ እናደርጋለን።»

ከዚያ «የምትስማሙ አጨብጭቡ» አለ። በዚያ አገር ደግሞ ቀድሞ ማጨብጨብ ያቆመ ተቃዋሚ ይባላል። ስለዚህ የሚያቆም ጠፋ። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ አጨበጨቡ። የዶሮ ክንፍ ላባው ረግፎ መላጣውን ቀረ፤ የአህያ ሰኮና መሬቱን ደብድቦ ጉድጓድ አወጣበት። ቀበሮ ጉድጓዱን አየና፣ «ጎበዝ! መሠረቱን ከወዲሁ ቆፈራችሁልን» አለ።

አሁን የቀረው የመሠረት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከተራራ መምጣት አለበት፤ የሚሸከመው ግን የለም። ሁሉም ዞሮ አህያን አያት።

«እኔ ምያለሁ» አለች አህያ።

«ለራስሽ ገበያ እኮ ነው፣ እታለም!» አለች ዶሮ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ቀበሮ።

ሄደች። ዝሆን እንኳ አይቶ መንገድ የሚለቅለትን ድንጋይ ጫኑባት። ሆዷ መሬት እየጠረገ፣ የዳነው ቁስሏ እንደገና ተከፍቶ ተመለሰች። ቢሆንም ፈገግ ብላ ነበር፤ ፎቅ የሚወጣው ውሃ ዓይኗ ላይ እየፈሰሰ።

ድንጋዩ በሚቀመጥበት ቀን ከንቲባው አንበሳ ከነአጃቢዎቹ መጣ። ግርማው ከሩቅ እንዲታይ ተብሎ ዋርካው ተቆረጠ፤ ከግንዱም መድረክ ተሠራለት። አንበሳ ድንጋዩን በአንድ ጥፍሩ ነካ አደረገና «ይህ ገበያ የናንተው ነው!» አለ። ተጨበጨበለት። ሄደ። እሱ ዞር እንዳለ ቦታው ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ፤ ጅብም የድንጋዩ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ክረምቱ መጣ፣ ሄደ። ገበያው ግን አልመጣም። ጥላ የሌለበት ቦታ ማን ያርፋል? መንገደኛው በሌላ በኩል መውረድ ጀመረ። ፍየል መጠገኛዋን ጠቅልላ ገደል ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። አህያ ከአጥሩ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ገዢ ስትጠብቅ፣ ገዢ ሲጠፋ ድርቆሹን ራሷ በላችው። ሲያልቅባት ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ከድንጋዩ ጎን፣ ከድሮ ቦታዬ ልቀመጥ።»

«አይቻልም! ገበያ በሚሠራበት ቦታ መሸጥ ክልክል ነው።»

«እና መቼ ነው የሚሠራው?»

«እኔስ ምን አውቄ! ይኸው በየጠዋቱ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ እስካሁን አልበቀለም።»

«ድንጋዩን? በምን ውሃ?»

«በራሴ ነዋ! በጀት መች ሰጡኝ?» አለና እግሩን ወደ ድንጋዩ አነሳ።

አህያ ፊቷን አዞረች። «ዶሮስ የት ደረሰች? ቅሬታ ላቅርብ ብላ ወደ ውስጥ ስትገባ አይቻት ነበር።»

ጅብ በጥርሶቹ መሃል የቀረች ላባ በምላሱ እየፈለገ፣ «የሷ ጉዳይ አልቋል» አላት።

አህያ ከዚያ እስከ ቀበሮ ቢሮ ድረስ ዞር ብላ ሳታይ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ አለቅን እኮ!»

«እንዴት ታልቃላችሁ? ድጋፉ በፕላኑ መሠረት ተከናውኗል። ድንጋይ ይቀመጣል ተባለ፤ ተቀመጠ።»

«ገዢ የለም!»

«ገዢ መጀመሪያውንም ፕላኑ ላይ አልነበረም» አለ ቀበሮ። ከዚያ ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ዓይኑ ጀርባዋ ላይ ቆየ። «ሥራ ፈትተሻል ማለት ነዋ? እንኳንም መጣሽ! ክቡር ከንቲባው በወዲያኛው ዳር ያለውንም ገበያ ሊደግፉ ነው። ድንጋይ የሚሸከምልን አጥተናል።»

የአህያ ሆድ በረሃብ ጮኸ፤ ጩኸቱ ኤሊዋ ድረስ ተሰማ። አህያም ማንም ሳያዛት፣ ጀርባዋን አዙራ ጎንበስ አለች።

በወዲያኛው ዳር፣ ከአንድ ሾላ ሥር፣ ጨው የምትሸጥ አንዲት በግ ነበረች። አህያ ድንጋዩ ተጭኗት እየተንገዳገደች ስትመጣ አየቻትና አዘነችላት።

«እትዬ አህያ፣ ምን ጭነውብዎት ነው እንዲህ የጎበጡት?»

አህያ ቀና ብላ ሾላውን አየች። ከሥሩ የተኙትን መንገደኞች አየች። ገመዱን እየጎተተ ከኋላዋ የሚመጣውን ቀበሮም አየች።

«ገበያሽን ነው፣ የኔ ልጅ» አለች።

በግ ከደስታዋ ብዛት ማጨብጨብ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልደግፋችሁ ብሎ ለመጣ ሁሉ ከማጨብጨባችን በፊት የሚደገፈው እንጀራችን ነው ወይስ ድንጋዩ ብለን ካልጠየቅን፣ ዛሬ በራሳችን ላይ የሚቆመውን ድንጋይ በገዛ ጀርባችን ተሸክመን እንደምናመጣ፣ ነገም የጎረቤታችንን እንደምንሸከም ነው።