ሳይወቃ የቀረው ክምር

አንድ ተማሪ ነበር፤ ዶክተር ሳይሆን ዶክተር የተባለ። ስሙ ይሁኔ ይባላል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ለሦስተኛ ዲግሪ መመዝገቡ በተሰማ ሰሞን፣ አባቱ አቶ አላምረው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆመው ለአገሩ ሰው ሁሉ "ልጄ ዶክተር ሆነ" አሉ። ተመዘገበ ማለትና ሆነ ማለት ለእሳቸው አንድ ነበር። ልጃቸው የጀመረውን ሳይጨርስ ትቶ አያውቅምና ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ይሁኔም ይህን ሲሰማ ሳቀ እንጂ አላረማቸውም። ደስ ካላቸው ምን አለበት አለ። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

ሊሠራ የተነሳው ነገር ደግሞ ደግ ነገር ነው። ጤፍ የሚወቃ ማሽን። በሬ አውድማ ላይ ሳይዞር፣ ሰው በመንሽ ሲያነሳና ሲጥል ሳይውል፣ ፍሬውን በአንድ በኩል፣ ጭዱን በሌላ በኩል የሚያወጣ። አቶ አላምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውድማ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ወገባቸው አልቋል። ልጁ ርዕሱን የመረጠው እሳቸው እንዲያርፉለት ብሎ ነው። እዚህ ድረስ እሱን የሚወቅስ ሰው ካለ ልብ የለውም።

በመጀመሪያው ዓመት፣ መኸር ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊያግዝ አገሩ ገባ። ጃኬቱን አውልቆ መንሽ ሲያነሳ ግን ጎረቤታቸው አቶ ደርበው ከእጁ ወሰዱበት። እኚህ ሰው ይሁኔ ልጅ ሳለ ጥጃ ማሳቸው ውስጥ አስገብቶባቸው በልምጭ የገረፉት ናቸው። አሁን አንቱ አሉት።

"ይተዉት ዶክተር፣ እርስዎ እዚህ አይቆሙም።"

"ጋሽ ደርበው፣ እኔ እኮ ይሁኔ ነኝ።"

"ቢሆኑስ። አባትዎን ያሰድባሉ።"

በርጩማ አምጥተው ከጥላ ሥር አስቀመጡት። አባቱ በሬዎቹን እየነዱ አሁንም አሁንም ወደሱ ያያሉ፤ ፊታቸው በርቷል። ይሁኔ ግን ሰው ሲሠራ ተቀምጦ ማየት ጨነቀው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ማሽኑ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቀዋል። መቼ እንደሚደርስ አያውቅም፤ ግን ዶክተር እየተባሉ አላውቅም ማለት አሳፈረው። "ለከርሞ ይዤው እመጣለሁ" አለ። አባቱ ይህን ሰሙ።

ማሽኑ አልሆነም። የጤፍ ነገር እንደ ስንዴ አይደለም። ጭዱን የሚያበረው ንፋስ ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል፤ ንፋሱ ሲቀነስ ደግሞ ፍሬው ከጭዱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ይሁኔ የማራገቢያውን ቅርጽ ለወጠ፣ ወንፊቱን ለወጠ፣ የሚሽከረከርበትን ፍጥነት ለወጠ። የቤተ ሙከራው ወለል ላይ ጤፍ አይጠፋም። እሱም ጠጉሩ ውስጥ ጤፍ ይዞ ምሳ ይበላል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ከዚያ አብረውት የጀመሩት ተመርቀው ሄዱና የሚስቅበትም ጠፋ።

አማካሪው ፕሮፌሰር ደህና ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆመው ጤፉ ከገለባው ጋር ሲበንን ተመለከቱ።

"ይሁኔ፣ ይኼ ንድፍ እንደማይሠራ ታውቃለህ አይደል?"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

"ትንሽ አይደለም። ለምን እንደማይሠራ ደግሞ ካንተ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም። እሱኑ ጻፈው። በዚህ መንገድ አይሆንም ብሎ ማሳየትም ምርምር ነው፣ ያስመርቅሃል።"

"አይሠራም ብዬ ነው ዶክተር የምሆነው?"

"እውነት እስከሆነ ድረስ፣ አዎ።"

ይሁኔ አንገቱን ደፋ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። እሱ ግን ያየው በሩን አይደለም። አቶ ደርበው ፊት ቆሞ "አልሆነም" ሲል፣ እሳቸውም አባቱን ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ነው የታየው። "ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" አለ። ፕሮፌሰሩም ሰጡት። ያ ትንሽ ጊዜ ዓመታት በላ።

አገሩ መሄዱንም ተወ። ባዶ እጁን ሄዶ በዚያ በርጩማ ላይ መቀመጥ አልቻለም። አባቱን ሊያሳርፍ ማሽን እየሠራ፣ አባቱ ብቻቸውን ይወቁ ነበር። ይህን ያውቃል፤ ማወቁ ነው ይበልጥ ከቤተ ሙከራው እንዳይወጣ ያደረገው። በየመኸሩ አባቱ ይደውላሉ፣ በየመኸሩ ለከርሞ ይላል። በመጨረሻው ዓመትም ደወሉ።

"ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይ ዶክተር? ወገቤ እምቢ ብሏል።"

"ዘንድሮ አይቀርም አባባ። ማሽኑን ይዤ ነው የምመጣው። እርስዎ ክምሩን እንዳይነኩት።"

እንዳይነኩት ያለው ለወገባቸው አዝኖ ነው። ዘንድሮ ያለው ደግሞ ሌላ የሚለው ስላጣ ነው። አቶ አላምረው ግን ሁለቱንም አመኑ።

ጤፉን አሳጭደው ከመሩና ቁጭ አሉ። የጎረቤቱ ሁሉ ተወቅቶ ጎተራ ገባ፣ የእሳቸው ክምር ብቻውን ሜዳው ላይ ቀረ። አቶ ደርበው መጥተው "ደቦ ጠርተን እንውቃልህ እንጂ" አሏቸው። እሳቸው ግን "የዶክተር አባት ሰው ለምኖ አስወቃ ልባል? ማሽኑ እየመጣ ነው" ብለው መለሷቸው። ጥር አለፈ፣ የካቲትም አለፈ። መጋቢት ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ቀን ከሌት ጣለው። ሽማግሌው ክምሩን ሸራ ሊያለብሱ ወጥተው እስከ አጥንታቸው በሰበሱ። ውሃው ክምሩ ውስጥ ገባ፣ ጤፉ እዚያው በቀለ። እሳቸውም በዚያው ሳል ይዟቸው ተኙ። አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው እናኑ ለወንድሟ ልትደውል ስልኩን ስታነሳ "ተይው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ሐሳቡን አትበትኚበት" አሏት። ይሁኔ የደረሰው ለቀብር ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑት ሰው ተነስተው የአቶ አላምረውን ሕይወት ሲናገሩ፣ ዶክተር የወለዱ፣ ዶክተር ያሳደጉ እያሉ ደጋገሙት። ይሁኔ ብድግ አለ።

"ዶክተር አይደለሁም" አለ። "ሆኜም አላውቅም። ማሽኑም አይሠራም። እንደማይሠራ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። አባቴን ዋሽቻቸዋለሁ።"

ሰው ሁሉ የሚነሳበት መሰለው፤ ቢነሳበት በተሻለው። አቶ ደርበው ግን ከንፈራቸውን መጠጡና አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው "አየህ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ራሱን ዝቅ ያደርጋል" አሉት። ያም ሰው አዎ አለ። ሐዘን ነው፣ ያስቀምጡት ተባለና ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ተናጋሪውም ካቆሙበት ቀጠሉ።

ያመነችው እናኑ ብቻ ናት። እጁን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችውና ክምሩን አሳየችው። ጠቁሯል፤ አናቱ ላይ የበቀለው ጤፍ አረንጓዴ ሆኖ ቆሞበታል።

"ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

"አልመጣም ብትላቸው እኮ በደቦ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር። አልመጣም፣ በቃ።"

ለዚህ እስካሁንም መልስ ያለው አይመስለኝም።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ፕሮፌሰሩ ያሉትን ጻፈ። ብዙ አላስቸገረውም፤ የሚጽፈው ነገር ከድሮም በእጁ ነበር። ንድፉ ለምን እንደማይሠራ የሚያስረዳው ጽሑፍ ጸደቀ፣ ፈታኞቹም ጨበጡት። አሁን በእርግጥ ዶክተር ነው። እንኳን ደስ ያለህ ዶክተር ሲሉት አባቱ ከስልኩ ወዲያ ሆነው ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይ የሚሉት ይመስለዋል። ወደ አገሩ አልሄደም። እናኑን በምን ዓይኑ ያያታል?

ከዚህ የምንማረው የሚያስደስት አይደለም። ስም ከሥራው ቀድሞ ሲሰጠን ኖረን ኖረን ለስሙ ማደር እንጀምራለን፤ ቤተሰባችንም አብሮን ያድርለታል። "አልቻልኩም" የሚለው ቃል በጊዜው ሲነገር አንድ ሰሞን ያሳፍራል፣ ከዚያ ሰው ይረሳዋል። ሲዘገይ ግን የሚያምነው ሰው እንኳ አያገኝም። የሞተ ሰው መውቀስ ደስ አይልም፤ ነገር ግን አቶ አላምረውም ልጃቸውን በስሙ ቢጠሩት ኖሮ፣ ይሁኔ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባበት መንገድ ይኖረው ነበር።

እርስዎስ ገና እየተማረ ያለ ልጅዎን በምን ስም ነው የሚጠሩት? አልሆነልኝም ሊልዎ ቢፈልግ፣ በዚያ ስም እየተጠራ እንዴት አድርጎ ይነግርዎታል?