የሽኮኮው ፉጨት

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ላሞቹም በረት ገብተዋል፤ እንግዲህ ስሙኝ።

በአንድ ገደል ሽኮኮዎች ይኖሩ ነበር። ሌሎቹ ሣር ሲግጡ አንዱ በተራው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ንስር ካየ በኃይል ያፏጫል። አንድ ቀን ተራው ለልጆቹ በጣም የሚሳሳ አባት ሽኮኮ ላይ ደረሰ። እሱም ልጆቹን ሰብስቦ፣ "በቀስታ ሳፏጭ ሩጡ" አላቸው።

ከድንጋዩ ሥር ጥሬ የምትለቅም ጅግራ ይህን ሰማች።

"አያ ሽኮኮ፣ እኛስ?"

"እመት ጅግራ፣ በኃይል ባፏጭ ንስሩ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። እኔ ብሞት ልጆቼን አንቺ ልታሳድጊልኝ ነው?"

እውነቱን ነበርና ጅግራዋ ወደ ጥሬዋ ተመለሰች።

ንስሩ መጣ። ሽኮኮው በቀስታ አፏጨ፤ ልጆቹም ሮጠው ጎሬ ገቡ። ትንሹ ግን ርቆ ረጅሙ ሣር ውስጥ ገብቶ ኖሮ ፉጨቱን አልሰማም። አባትየው ከድንጋጤው የተነሣ ድምፁ ጠፋ። ይሄኔ ጅግራዋ ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ሣሩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ትንሹም ጭምር፣ ሮጦ አመለጠ። ንስሩ የጅግራዋን የጭራ ላባ ነጭቶ ሄደ።

"ልጄ እዚያ እንዳለ በምን አወቅሽ?" አላት ሽኮኮው እያለቀሰ።

"አላወቅሁም" አለች ጅግራዋ፣ የተረፋትን ላባ እያስተካከለች። "ሣር ውስጥ ማን እንዳለ መች ይታያል?"

በማግስቱ ሽኮኮው ተራው ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ወጣ። በኃይል አፏጨ፤ መንደሩም ሁሉ ሮጦ ጎሬ ገባ። ንስር የመሰለው የደመና ጥላ ነበር። ማንም አልተቆጣውም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለጅግራዋ።