ሦስት በር ያለው ጋን

ልጆቼ፣ ተረቴን ስሙ፤ ሰምታችሁም በልባችሁ አኑሩት።

ብረት አንደበት በነበረው ዘመን፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ አባ ጋን የሚባል ሆደ ሰፊ የብረት ጋን ነበረ። ሥራው መለየት ነው። ጋዝ፣ ውሃና ደለል በአንድ ቧንቧ ተደባልቀው ይገቡበታል፤ ጋዝ በጣሪያው በር፣ ውሃ በጎኑ በር፣ ደለል በወለሉ በር ሊወጡ ይገባል።

ሥራ በጀመረ ቀን ግን ሦስቱ ገብተው አንወጣም አሉ።

«አያ ደለል፣ ይቅደሙ» አለች ውሃ። «ለሽማግሌ ጀርባዬን አልሰጥም።»

«ኧረ በሞቴ፣ እሜቴ ይቅደሙ!» አለ ደለል።

«ታላላቆቼ ቆመው እኔ ልውጣ? ነውር አይደለም ወይ?» አለ ጋዝ።

ፓምፕ ከኋላ ሌላ ጭነት ይገፋል። የአባ ጋን ሆድ ተነፋ፤ መገጣጠሚያው ሲጥሲጥ አለ።

«በእንተ ስማ ለማርያም፣ ውጡልኝ!» ሲል ለመነ። «በሩ እንደሆነ ሦስት ነው፤ ማን ማንን ይቀድማል?»

«በሩ ሦስትም ቢሆን ታላቅ ታላቅ ነው» አሉት።

ሆዱ ይብስ ተነፋ። «እንድትወጡ በግዝት ገዝቻችኋለሁ!» አለ።

«ግዝቱን መጀመሪያ ማን ይቀበል?» አለች ውሃ።

«ታላቁ ናቸዋ!» አለ ጋዝ።

«የለም፣ እሜቴ ይቅደሙ!» አለ ደለል።

«እግዚኦ! ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘኝ!» አባ ጋን ትዕግሥቱ አለቀ። በቁጣ ተንቀጠቀጠ፤ ቅቤ እንደሚናጥበት ቅል ናጣቸው። ደለል ከውሃ ጋር ተቦካ፤ ውሃ ከጋዝ ጋር አረፋ ሆነች፤ ጋዝ ከደለል ሥር ተወሸቀ። «አወይ፣ ረገጥኩዎት!» «ግድ የለም፣ እኔ ነኝ የገፋሁዎት!» እየተባባሉ ይቅርታ መጠያየቅ ጀመሩ።

ያን ጊዜ በመገጣጠሚያው ላይ ያለ አንድ ቡሎን ጮኸ፦ «አባ ጋን! አንዴ ቢደግሙ እነቀላለሁ፤ እኔ ከተነቀልኩ እርስዎ ይፈነዳሉ። የሚያደባልቋቸው እኮ እርስዎ ነዎት!»

አባ ጋን ሊመልስ አፉን ከፈተ። የተነፋ ሆዱን አየና አፉን መልሶ ዘጋ። ቁጣውን እንደ ኮሶ ውጦ ጸጥ አለ።

ሦስቱም እየተጠባበቁ ቆሙ። ደለል ሽማግሌ ነውና መቆም ከበደው፤ «ጥቂት ልቀመጥ» ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ፤ በሩም ተቀበለው። ጋዝ የሚይዘው አጥቶ ሽቅብ ተንሳፈፈ፤ «አልቀደምኩም! እሜቴ ይመስክሩልኝ!» እያለ በጣሪያው ወጣ። ውሃ ብቻዋን ቀረች። ዙሪያዋን አይታ፣ «እንግዲህ ማንን ልጋብዝ?» አለችና ጥርት ብላ በጎኑ ፈሰሰች።

የአባ ጋን ሆድ ጎደለ።

«ዝምታ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ፣ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?» ብሎ ቡሎኑን ተቆጣው።

«ሲጮሁ የት ይሰማሉ!» አለ ቡሎኑ።

ልጆቼ፣ ጋኑን የናጠ አተላውን ይጠጣል።