የታመመው የቀኛዝማች ሰዓት

አንድ ቀን፣ በሁዳዴ፣ መምሬ ውብእሸት ቡሬ ከተማ የንስሐ ልጃቸው ቀኛዝማች ወንድይራድ ቤት ብቅ አሉ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀኛዝማች የግድግዳ ሰዓት ግን ዘጠኝ ይላል፤ እሳቸውም ማዕድ ላይ ናቸው። በዚያ ቤት ዘጠኝ ሳይሞላ እህል የሚቀመስ እንዳይመስላችሁ፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ቀኛዝማች ናቸው።

«ሰዓትዎ ታሟል መሰለኝ» አሉ መምሬ።

«ታሟል እንጂ» አሉ ቀኛዝማች ጉርሻቸውን ውጠው።

እውነትም ሕመሙ ሌላ ነው። ቀኛዝማች ሲርባቸው ዘጠኝ ይሞላል፤ እሳቸው በልተው ሠራተኞቹ ሊቀርቡ ሲሉ ተመልሶ ስድስት ተኩል ይሆናል። ሠራተኞቹ ዘጠኝን እንደ አዲስ ይጠብቃሉ።

ነገሩ መምሬ ጆሮ ከገባ ወዲያ ዝም ማለት አልተቻለም። ሰዓት ጠጋኙ ሽባባው ተጠራ። ቀኛዝማች ገና ከመግባቱ የመፍቻ ቦርሳውን ያዙበት።

«ሰዓቱ ልኩን እስኪይዝ ይህ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ጌታዬ፣ እንጀራዬ እኮ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ አስተካክለው።»

ሽባባው ከሥር የምትወዛወዘውን ብረት ብሎን ትንሽ ወደ ታች ለቀቃት፤ ሰዓቱ እንዲዘገይ። በማግስቱ ቀትር ላይ ያው ዘጠኝ ሆነ። ደግሞ ለቀቃት። ያው ዘጠኝ።

«ማጥበቅ ወደ ላይ ነው፣ አታውቅም» አሉ ቀኛዝማች፤ የማያውቁት ነገር የለም መቼስ።

«ወደ ላይ ካጠበቅኋትማ ይብሱን ትሮጣለች።»

በሦስተኛው ቀን ሽባባው ከሰዓቱ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል አረፈደ። ሰዓቱ አንዲት ደቂቃ አልሳተም። ቀትር ሲሆን ለአፍታ ደጅ ወጥቶ ቢመለስ፣ ዘጠኝ! መስተዋቱን ከፍቶ አየ፤ የደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ የደረቀ ሽሮ ይዟል።

መምሬም ሊጠይቁ መጥተው ነበር።

«እህስ» አሉ ቀኛዝማች፣ «በሽታውን አገኘኸው ወይስ ቦርሳህን ትተህ ትሄዳለህ?»

«አገኘሁት ጌታዬ። ሰው ሲያየው ልኩን ይሄዳል፤ ሰው ዞር ሲል ዘጠኝ ይላል፤ ከበላ በኋላ ደግሞ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ስድስት ይመለሳል። ይህን መፍቻ አይፈታውም። ሰዓትዎ የሚፈልገው እኔን ሳይሆን የንስሐ አባት ነው።»

መምሬ ወደ ቀኛዝማች ዞሩ። «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ማ... ሰዓቱ?»

«አዎን፣ ሰዓቱ።»

«ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ነው አባቴ» አሉ ቀኛዝማች፣ መሬት መሬት እያዩ።

«እንግዲያስ ሰዓቱ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ይስገድ። የሰውየውም ቦርሳ ይመለስለት።»

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ደቂቃ ስቶ አያውቅም፤ ቀኛዝማች ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።