የሙሜ ጣት እና አልመጣ ያለው ባቡር

ጆሯችሁን ስጡኝና የሰብሪናን ነገር ልንገራችሁ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሙሜ የሚባል የባቡር ነጂ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ዛለ። ሐኪሙ "ጣቶችዎን ካላሠሯቸው ደርቀው ይቀራሉ" ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጠው። ሙሜ ኳሷን አልጋ ሥር ወረወራት።

"ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር የነዳሁ ሰው የሕፃን ኳስ አልጨምቅም። ባቡር አምጡልኝና ያኔ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁ ሰብሪና ግትርነትን የወረሰችው ከእሱ ነው። "እሺ፣ አመጣለሁ" አለች።

ኮምፒውተሯ ላይ፣ በጡብ በጡብ ከተማ የሚገነባበት ጨዋታ አላት። ጨዋታው ባቡር የለውም። ባቡር የሚጨምሩለት ሞዶች፣ ማለትም ጨዋታው ላይ የሚቀጠሉ ተጨማሪ ፋይሎች፣ ግን በአንድ ጥቅል ታስረው ይገኛሉ። ጥቅሉን አውርዳ ልትጭነው ስትል፣ ጨዋታውን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ላውንቸሩ፣ አርጅቷል የሚል ጽሑፍ መጣባት።

ጥቅሉ ያለ አዲስ ላውንቸር አልጫን አለ፤ ባቡሩ ያለ ጥቅሉ አልመጣ አለ፤ የሙሜ ጣት ያለ ባቡር አልንቀሳቀስ አለ። ሰብሪናም አልተውም አለች።

አዲሱን ላውንቸር ልታወርድ ሞከረች። ቦታ የለም፤ የኮምፒውተሩ ዲስክ ጢም ብሏል። የሞላው ታላቅ ወንድሟ ነጂብ ነው። ነጂብ ሰርግ ይቀርጻል፣ የቀረጸውን ሁሉ እሷ ኮምፒውተር ላይ ያጭቃል።

"ነጂብ፣ ትንሽ አጥፋልኝ።"

"የሰው ሰርግ እንዴት አጠፋለሁ? ሃርድ ዲስኬን አምጪልኝና ወደዚያ ላዛውረው። እትዬ ጸዳለ ድራማ ልታይበት ወስዳው እዚያው ቀረ። ለጨዋታ ብለሽ ነው ደግሞ ይሄ ሁሉ? ተይው።"

ነጂብ ያለ ሃርድ ዲስኩ ሰርጉን ከኮምፒውተሩ አላነሳም አለ፤ ሰርጉ ካልተነሳ ላውንቸሩ አልገባ አለ፤ ያለ ላውንቸሩ ጥቅሉ አልጫን አለ፤ ያለ ጥቅሉ ባቡሩ አልመጣ አለ፤ ያለ ባቡሩ የሙሜ ጣት አልንቀሳቀስ አለ። ሰብሪናም አልተውም አለች።

እትዬ ጸዳለ የግድግዳ ተጋሪ ጎረቤታቸው ናት። ሰብሪና ዲስኩን ልትጠይቅ ስትሄድ በሯን ከፍታ ሰማቻትና ራሷን ነቀነቀች።

"አልሰጥም። አባትሽ የታመመ ጊዜ ሾርባ ይዤ ብመጣ በር ዘጋብኝ። እሱ በሩን እስኪከፍትልኝ ዲስኩ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ማንንም አያስገባም እኮ እትዬ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሰው እንዲያይበት አይፈልግም።"

"እኔ እጁን ለማየት አልመጣሁም። እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ሰብሪና ተመልሳ አባቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"አባ፣ ስማኝ። በሩን ካልከፈትክ እትዬ ጸዳለ ዲስኩን አልሰጥም አለች፤ ያለ ዲስኩ ነጂብ ሰርጉን አላነሳም አለ፤ ሰርጉ ካልተነሳ ላውንቸሩ አልገባ አለ፤ ያለ ላውንቸሩ ጥቅሉ አልጫን አለ፤ ያለ ጥቅሉ ባቡሩ አልመጣ አለ፤ ያለ ባቡሩ ያንተ ጣት አልንቀሳቀስ አለ። ዞሮ ዞሮ መንገዱን የዘጋኸው አንተው ነህ።"

"ተይው ሰብሪና።"

"አልተውም።"

ሙሜ ብርድ ልብሱን ገፍቶ ከአልጋው ወረደ። "ያቺ ሴት ካዘነችልኝ አስወጣታለሁ" አለ በመጨረሻ። ግድግዳውን እየተደገፈ ሄዶ በግራ እጁ በሩን ከፈተ።

ሰብሪና ጠርታት የመጣችው ጸዳለ አላዘነችለትም። "ከስተሃል፤ ኩራትህ ግን አልቀነሰም" አለችውና ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በሩ ሲከፈት ጸዳለ ዲስኩን ሰጠች፤ ዲስኩ ሲመጣ ነጂብ ሰርጉን አነሳ፤ ሰርጉ ሲነሳ ላውንቸሩ ገባ፤ ላውንቸሩ ሲገባ ጥቅሉ ተጫነ፤ ጥቅሉ ሲጫን ጨዋታው ተከፈተና ወዲያው ድርግም ብሎ ጠፋ።

"በቃ፣ አሁንስ ተይው" አለ ነጂብ።

ሰብሪና የስህተቱን መልእክት እስከ ታች ወርዳ አነበበች። ዝናብ የሚያዘንበው ሞድ ባቡሩን ከሚያመጣው ሞድ ጋር ተጋጭቷል። ዝናቡን አውጥታ እንደገና አስነሳችው። አልጠፋም። ጥቁር ባቡር ሐዲዱ ላይ ቆሞ ታየ።

ሙሜ ወንበር ስቦ ተጠጋ። ግራ እጁን ሲዘረጋ ሰብሪና ኪቦርዱን ወደ ቀኝ ገፋችበት።

"በዚያኛው።"

ዞሮ አፈጠጠባት። እሷም አፈጠጠችበት። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ፣ ሁሉም እያዩት፣ እየተንቀጠቀጠ ቁልፎቹ ላይ አሳረፈው። አመልካች ጣቱ ቆየ፣ ቆየና ተጫነ። ባቡሩ ተነሳ። ከተማዋን አልፎ ፍጥነት ጨመረ።

"አባ፣ ቀስ በል፣ ከፊትህ ኩርባ አለ" አለ ነጂብ።

"ባቡር መንዳት ልታስተምረኝ ነው?" አለ ሙሜ፣ ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሳ።