ቀድሞ የሚወጣው

ጓድ ደምመላሽ ተራዬን ነጠቀኝ። ያኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ለእናቴ ኢንሱሊን ልገዛ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፌአለሁ። ፋርማሲው ውስጥ የቀረው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። እሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ገፍትሮኝ መስኮቱ ላይ ቆመ።

«ኢንሱሊኑን ለቤቴ መጠባበቂያ እፈልገዋለሁ። አምጪ!»

ሻጯ አዲስ የመጣ ሽሮፕ ከነባሩ ኋላ እየደረደረች ነበር። «ጓድ፣ ተራ አለ» አለችው።

«ማን መሆኔን አታውቂም? እኔ የትም ቦታ ቀዳሚ ነኝ!»

እሷ ግን መደርደሯን አላቋረጠችም።

«እዚህ ቤት ቀድሞ የሚወጣው ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ ነው፤ ብዙ የሚቆየው ከኋላ ይጠብቃል። እርስዎ ገና ብዙ የሚቆዩ መስለውኝ ነበር። ጊዜዎ ተቃርቦ ከሆነ ግን ይንገሩኝ፣ አስቀድምዎታለሁ።»

«አታሟርቺብኝ!» ብሎ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።

መስኮቱ ጋ እኔ ቀረሁ።